«ብርጭቆው ተሰበረ» በፋርስኛ እንዴት ይባላል? ስለ ተደራጊ ግስና ስለ ስም ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንዲት ኢራናዊት አዛውንት በቤታቸው ትንከባከባለች። ጆሮዋ ፋርስኛውን ለምዶታል፤ አፏ ግን ገና ነው። አንድ ቀን የሻይ ብርጭቆ ወድቆ ሲሰበር «ኤስቴካን ራ ሼከስቴ ሾድ» አለች። ሴትዮዋ ሳቁ። ሌላ ቀን «በሐኪሙ ተነግሮኛል» ለማለት ፈልጋ «መን ተቨሶቴ ዶክቶር ጎፍቴ ሾደም» አለች። ይሄኔ ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። «ይህ የእኔ መጽሐፍ ነው» ስትል ደግሞ «ኢን መን ኬታብ ኧስት» ሆነባት። «ሕጉን በስልኬ ነው የተማርኩት፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀው? ራ የምትባለዋስ መቼ ነው የምትገባው?» ትላለች።

እህቴ፣ ሕጉን አልሳትሽም። ችግሩ አማርኛሽን ቃል በቃል ወደ ፋርስኛ ማሻገርሽ ነው። አማርኛችን «ተ» የምትባለውን አንዲት ፊደል ብዙ ሥራ ያሠራታል። ተጻፈ፣ ተሰበረ፣ ተነሳ፣ ታጠበ፣ ተታለለ፣ ተነገረኝ፣ ሁሉም በሷ ነው። ፋርስኛ ግን ይህን ሥራ ለአራት አምስት መንገድ አከፋፍሎታል። አንቺ የተማርሽው ከነዚያ አንዱን ብቻ ነው። ያም ቢሆን በሰፈር ወሬ ውስጥ ብዙ የማይታየውን።

ከመጀመሬ በፊት ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር። ፋርስኛ የሚጻፈው በዐረብ ፊደል ነው፤ አራት ፊደል ጨምረውበት ሠላሳ ሁለት ሆኗል። እኔ ግን ሁሉንም በፊደላችን እጽፈዋለሁ። ግዕዙን (መ፣ ደ፣ ከ) ለአጭሩ አናባቢ፣ ራብዑን (ማ፣ ዳ፣ ካ) ለረጅሙ እወስዳለሁ። ረጅሙን ሲሉት አፋቸው ከበብ ይላል፤ ወደ «ኦ» ያዘነብላል። «ኬታብ» ሲሉ «ኬቶብ» የሚመስልሽ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሾደን። ይህ ግስ በዛሬው ፋርስኛ «መሆን» ማለት ነው። ይህን አጥብቀሽ ያዢ፤ ብዙ ነገር ይፈታልሻል። ሴትዮዋ «ቺ ሾዴ?» ሲሉሽ «ምን ሆነ?» ማለታቸው ነው። «ኔሚሼ» ሲሉ ልክ እንደኛ «አይሆንም» ነው። «ሚሼ?» ደግሞ «ይሆናል? ይቻላል?» ነው። በጥንቱ ቋንቋ «መሄድ» ማለትም ነበር። ዛሬም መምጣት መሄዱን «ኣመድ ኦ ሾድ» ይሉታል። መደበኛው ተደራጊ ግስ የሚሠራው በዚሁ ሾደን ነው። ኔቬሽቴ (የተጻፈ) እና ሾድ (ሆነ) ሲገናኙ ኔቬሽቴ ሾድ፣ ተጻፈ ይሆናል። «ይጻፋል» ኔቬሽቴ ሚሸቨድ ነው፤ በንግግር ሚሸቨድ ወደ ሚሼ ያጥራል። «አልተጻፈም» ኔቬሽቴ ነሾድ። የሚቀያየረው ሾድ ብቻ ነው። ፊተኛው ቃል ንቅንቅ አይልም። ዲዴ ሾደም ታየሁ፣ ዲዴ ሾዲ ታየህ ወይም ታየሽ፣ ዲዴ ሾደንድ ታዩ። ፆታ የሚባል ነገር የለም፤ ወንዱም ሴቷም ዲዴ ሾድ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኔቬሽቴ ብቻውን ተደራጊ አይደለም። «ኔቬሽቴ ኧስት» ካልሽ «ጽፏል» ነው፤ አድራጊ ነው። «ተጽፏል» እንዲሆን ሾዴ መግባት አለበት፦ ኔቬሽቴ ሾዴ ኧስት። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይወድቃል። ላንቺ ግን መድኃኒቱ ቤትሽ ነው ያለው። «ጽፏል» ብለን የምንጠቅልለው «ጽፎ» እና «አለ» ነው አይደል? የነሱም እንደዚያው ነው። ኔቬሽቴን እንደ «ጽፎ»፣ ኧስትን እንደ «አል» ቁጠሪው። ረፍቴ ኧስት፣ ሄዷል። ዲዴ ኧስት፣ አይቷል። ቦዝ አንቀጹ በራሱ ማን እንዳደረገና በማን ላይ እንደደረሰ አይናገርም።

እንግዲህ ሴትዮዋን ወዳሳቀው ነገር እንምጣ።

የፋርስ ሰዋስው ሰዎች ተደራጊውን ግስ «ፌእሌ መጅሁል» ይሉታል። አድራጊው «መእሉም» ነው። ዐረብኛ የቀራ ሰው ያውቃቸዋል፤ መእሉም የታወቀ፣ መጅሁል ያልታወቀ ማለት ነው። በስሙ ውስጥ ሕጉ አለ። መጅሁል የሚነገረው አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር ወይም ተናጋሪው ሊናገረው ሳይፈልግ ሲቀር ነው። አንቺ ግን «ተቨሶቴ ዶክቶር» (በሐኪሙ) ብለሽ ሐኪሙን በስም ጠራሽው። ያልታወቀውን አሳወቅሽው። ከታወቀማ መጅሁሉ ምን ሊያደርግ መጣ? «ሐኪሙ ነገረኝ» በዪና ይለቅ።

«ተቨሶቴ» ስሕተት ነው እያልኩሽ አይደለም። ዜና ላይ ትሰሚዋለሽ፤ ደብዳቤ ላይ ታነቢዋለሽ። «እገሌ በፖሊስ ተያዘ» ለማለት ይጠቀሙበታል። ሆኖም ከአውሮፓ ቋንቋ በትርጉም የገባ ልማድ ነው ብለው ዛሬም የሚሟገቱበት የቋንቋ አራሚዎች አሉ። እኔ ያን ያህል አላጠብቅም። ወጥ ቤት ውስጥ ግን አይገባም። አንድ ሰው ሰፈር ውስጥ ቡና እየጠጣ «ብርጭቆው በሕፃኑ አማካይነት ለስብራት ተዳርጓል» ቢልሽ አትስቂም? ሴትዮዋ የሰሙት እሱን ነው።

የቢሮ ቋንቋቸው እንዲያውም ከዚህ ይብሳል። «ኤስቴፋዴ ሾድ» (ጥቅም ላይ ዋለ) ብሎ መጨረስ ሲቻል «ሞሬዴ ኤስቴፋዴ ቀራር ጌሬፍት» ይላሉ። እኛም «ሠራንበት» በማለት ፈንታ «ጥቅም ላይ እንዲውል ተደርጓል» እንላለን። የቢሮ ሰው የትም አንድ ነው።

ታዲያ ተራው ሰው አድራጊውን ካላወቀ ምን ይላል? እኛ የምንለውን። ስልክሽ ቢሰረቅ «ስልኬ ተሰረቀ» ልትዪ ትችያለሽ። ግን መጀመሪያ ከአፍሽ የሚወጣው «ስልኬን ሰረቁኝ» ነው። እነማን? አይታወቅም። «እነሱ» የሚባሉ ስም የለሽ ሰዎች ናቸው። ፋርስኛም ልክ እንዲሁ ነው። እኔ ስጀምር ድርሰት ላይ «ጉሺዬ መን ዶዝዲዴ ሾድ» ብዬ ጻፍኩ፤ «ስልኬ ተሰረቀ» ማለቴ ነው። መምህሬ አልሰረዘውም። ሰዋስው አልፈረሰማ። ጎኑ ላይ በእርሳስ «ጉሺሞ ዶዝዲደን» ብሎ ብቻ አለፈ።

ያቺን ሁለት ቃል ፈልቅቂያት። ጉሺ ስልክ ነው። ም «የእኔ» ናት። ኦ ደግሞ ራ የምትባለው ናት፣ በንግግር ተቆራርጣ የቀረችው። ጉሺ፣ ም፣ ኦ። ስልክ፣ ዬ፣ ን። «ስልኬን» የሚለው ቃል በነሱ ድምፅ እንደገና ተገጣጥሞ ቆመልሽ ማለት ነው! ዶዝዲደን በመጽሐፍ ዶዝዲደንድ ነው፣ ሰረቁ። (ሰዎቹ መጨረሻዋን ድ ሲውጧት ከግሱ መነሻ «መስረቅ» ጋር አንድ ይሆናል፤ አትደናገጪ፣ ከቦታው ይለያል።)

ስለዚህ «ተነገረኝ»፣ «ተሰጠኝ»፣ «ይባላል» የምትያቸውን ሁሉ በዚህ መንገድ ውሰጃቸው። ተነገረኝ፦ ቤሄም ጎፍተን፣ አሉኝ። መጽሐፍ ተሰጠኝ፦ ቤሄም ኬታብ ዳደን፣ መጽሐፍ ሰጡኝ። ይባላል፦ ሚገን፣ ይላሉ። ያንቺ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሌላም ችግር ነበረበት። በፋርስኛ ንግግር የተነገረው ወሬው ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። «መን ጎፍቴ ሾደም» ስትዪ ራስሽን ወሬ አደረግሽው፤ «እኔ ተባልኩ» ሳይሆን «እኔ ተነገርኩ» ሆነ። ሴትዮዋ ግራ ቢገባቸው አይፈረድም።

ቀጥሎ ብርጭቆው። አማርኛ «ሰበረ» ካለ ሰባሪና ተሰባሪ ይፈልጋል። ሰባሪውን ለማንሳት «ተ» ትገባለች። ፋርስኛ ውስጥ ግን ሁለት ባሕርይ ያላቸው ግሶች አሉ። ሼከስት ሁለቱንም ነው። «ዐሊ ኤስቴካን ራ ሼከስት»፣ ዐሊ ብርጭቆውን ሰበረ። «ኤስቴካን ሼከስት»፣ ብርጭቆው ተሰበረ። ምንም አልተጨመረበትም። ሪኽትም እንደዚያው ነው፤ ኣብ ሪኽት ውሃው ፈሰሰ፣ ኣብ ራ ሪኽት ውሃውን አፈሰሰ። «ሼከስቴ ሾድ» ያልሽ እንደሆነ አንድ ሰው ሆነ ብሎ የሰበረው፣ ከዚያም መዝገብ ላይ የሰፈረ ነገር ይመስላል። መቆለፊያ ሰብሮ ለገባ ሌባ ይሆናል። ለሻይ ብርጭቆ ግን አይሆንም።

ዋናው መንገድ ግን ገና አልተነካም። ፋርስኛ ሙሉ ግስ ከመፍጠር ይልቅ ስም ወይም ቅጽል አስቀምጦ ጎኑ ላይ አጋዥ ግስ ያቆማል። እኛ «ጸጥ አለ»፣ «ክፍት አደረገ» እንደምንለው ነው። ልዩነቱ እነሱ ቋንቋቸውን ግማሽ በዚህ ነው የሠሩት። አድራጊው ከርደን (ማድረግ)፣ ተደራጊው ሾደን (መሆን) ነው። ባዝ ከርድ ከፈተ፣ ባዝ ሾድ ተከፈተ። ተሚዝ ከርድ አጸዳ፣ ተሚዝ ሾድ ጸዳ። ፔይዳ ከርድ አገኘ፣ ፔይዳ ሾድ ተገኘ። ጎም ከርድ ጣለ ወይም ጠፋበት፣ ጎም ሾድ ጠፋ። እዚህ «ከርዴ ሾድ» የሚባል ነገር የለም። ከርደን ይወጣል፣ ሾደን ይገባል፣ አለቀ። እስካሁን ሕግ ሳትማሪ ስትሰሚው የኖርሽው ተደራጊ ይህ ነው። ምግቡ ሲያልቅ «ተሙም ሾድ» ይሉሽ የለ?

ግን ሾደን ያለበት ሁሉ ተደራጊ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ቦለንድ ሾድ ተነሳ ማለት ነው፤ ማንም አላነሳውም። ቦለንድ ከርድ ካልሽ አነሳ። ሰቫር ሾድ ተሳፈረ፣ ሰቫር ከርድ አሳፈረ። እስቲ አማርኛውን እይው። ተነሳና ተሳፈረም «ተ» አላቸው፤ ተደራጊ ግን አይደሉም። የኛም «ተ» የነሱም ሾደን አንድ ዓይነት ብልሃት አላቸው። ነገሩ በባለቤቱ ላይ መድረሱን ብቻ ይናገራሉ፤ ማን አደረሰው የሚለውን ለአውዱ ይተዋሉ።

አንዱን ግን ሾደን አይሠራውም። «ታጠበ» ስንል ሰውየው ራሱን አጥቦም ሊሆን ይችላል፣ ልብሱ ታጥቦም ሊሆን ይችላል። ሾስቴ ሾድ ግን ለልብሱ ብቻ ነው። ለሰውየው «ፊቱን አጠበ» ወይም «ገላውን ታጠበ» ብለሽ ምን እንዳጠበ ትናገሪያለሽ፤ ወይ «ሃማም ረፍት»፣ መታጠቢያ ቤት ሄደ። ሴትዮዋን «ሾስቴ ሾዲድ?» ብለሽ እንዳትጠይቂ፤ እንደ ሳሕን ታጥበው ተደረደሩ ወይ ማለት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የምወደው ይመጣል። ፋርስኛ የሚያም ነገር ሲደርስበት ይበላዋል። ኾርደን «መብላት» ነው። ኮተክ ኾርድ፣ ዱላ በላ፤ እኛ ዱላ ቀመሰ እንላለን። ፈሪብ ኾርድ፣ ማታለልን በላ፤ ተታለለ። ጉል ኾርድ፣ ተሸወደ። ሼከስት ኾርድ፣ ሽንፈትን በላ፤ ተሸነፈ። ዘሚን ኾርድ፣ መሬት በላ፤ ወደቀ። የነዚህ አድራጊዎች ሌሎች ናቸው። መታ ሲሉ ኮተክ ዘድ፣ ሸወደ ሲሉ ጉል ዘድ፣ አሸነፈ ሲሉ ሼከስት ዳድ። «ጉል ዘዴ ሾድ» የሚል ሰው የለም። ዱላ የቀመሰ፣ ስድብ የጠገበ፣ ጉድ የጠጣ ሕዝብ ልጅ ነሽ፤ ይህ ለአንቺ አይከብድም።

አንዳንዱን ደግሞ አንቺ ተደራጊ ብትዪውም እነሱ ተደራጊ አያደርጉትም። «ተወለድኩ» ቤ ዶንያ ኣመደም ነው፣ ወደ ዱንያ መጣሁ። እጄ ተቃጠለ፣ ደስተም ሱኽት። ሱኽት በራሱ «ተቃጠለ» ነው።

ታዲያ ያ የመጀመሪያው፣ የተማርሽው፣ የት ይውላል? ይውላል። ኮሽቴ ሾድ (ተገደለ) በየቀኑ ይባላል፤ በመኪና አደጋ ለሞተም ጭምር። ሳኽቴ ሾድ (ተሠራ) ለሕንፃ፣ ፎሩኽቴ ሾድ (ተሸጠ) ለቤት፣ በስቴ ሾድ (ተዘጋ) ለበርና ለሱቅ ይባላል። አድራጊው ማንም ይሁን ግድ በማይሰጥበት ቦታ ይኖራል። ስለዚህ አትጣዪው። ብቻ መጀመሪያ የምትመዥው እሱን አታድርጊው።

አሁን ወደ ስም። እዚህ ላይ ደስ የሚል ዜና አለኝ፤ ግማሹን ታውቂዋለሽ።

ራ የኛ «ን» ናት። ምን ያህል እንደምትመስላት ተመልከቺ። «መጽሐፍ ገዛሁ» ስትዪ የቱ መጽሐፍ እንደሆነ አልተናገርሽም፤ «ን» አልገባችም። ኬታብ ኸሪደም። «መጽሐፉን ገዛሁ» ስትዪ የምናውቀው መጽሐፍ ነው፤ «ን» ገባች። ኬታብ ራ ኸሪደም። ሥጋ በላሁ፣ ጉሽት ኾርደም። ሥጋውን በላሁ፣ ጉሽት ራ ኾርደም። የተጸውዖ ስምና ተውላጠ ስም ሁልጊዜ የታወቁ ናቸውና ራ አይቀርላቸውም፦ ዐሊ ራ ዲደም፣ ዐሊን አየሁት። በንግግር ከተነባቢ በኋላ ኦ፣ ከአናባቢ በኋላ ሮ ትሆናለች። ጥንት «ለ»ም ትሆን ነበር። ርዝራዡ ዛሬም «ቼራ» ውስጥ አለ። ቼ «ምን»፣ ራ «ለ»። ቼራ፣ ለምን።

እንግዲህ «ኤስቴካን ራ ሼከስቴ ሾድ» ውስጥ ራ ምን ትሠራለች? ወደ አማርኛ መልሺውና እይው፦ «ብርጭቆውን ተሰበረ»። ጆሮሽን ቆረጠሽ አይደል? ተሳቢው ባለቤት ሲሆን «ን» እንደምትወድቅ ሁሉ ራም ትወድቃለች።

አንድ ልዩነት ብቻ ልብ በዪ። የኛ «ን» ተንኳሽ ናት፤ ወደ ፊት ትዘላለች። «ትልቁን ቤት ሸጥኩ»፣ «የአባቴን ቤት ሸጥኩ» እንላለን። የተሸጠው ቤቱ ሆኖ ሳለ «ን» አባቴ ላይ ትቀመጣለች። ራ ግን ጨዋ ናት። የስሙ ሐረግ እስኪያልቅ ጠብቃ መጨረሻ ላይ ትቆማለች፦ ኻኔዬ ቦዞርግ ራ፣ ኻኔዬ ፔደረም ራ።

እዚያች «ዬ» ላይ ቆም እንበል፤ ሦስተኛው ጥያቄሽ እሷ ናት። «ኢን መን ኬታብ ኧስት» ያልሽው «ይህ የእኔ መጽሐፍ ነው» የሚለውን ቅደም ተከተል ይዘሽ ነው። አማርኛ ባለንብረቱን ያስቀድማል። ፋርስኛ ንብረቱን አስቀድሞ በአጭር «ኤ» ያያይዛል፦ ኬታቤ መን። ቃሉ በአናባቢ ካለቀ «ዬ» ይሆናል፦ ኻኔዬ መን፣ ቤቴ። ይህችን ማያያዣ ኤዛፌ ይሏታል። ባዕድ መሰለችሽ? «ቤት» ብለሽ ጀምሪና «ቤተ ክርስቲያን» በዪ። ሕግ፣ ሕገ መንግሥት። ዓመት፣ ዓመተ ምሕረት። ንብረቱ ቀደመ፣ መጨረሻው በአናባቢ ተፈታ፣ ባለቤቱ ተከተለ። ከግዕዝ የወረስነው ዘርፍ አሠራሩ ያው የኤዛፌ ነው። ዘመድ ሆነው አይደለም፤ ግዕዝ ሴማዊ ነው፣ ፋርስኛ ደግሞ ከነሕንድኛ ጋር ነው የሚቆጠረው። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ እዚያው ደረሱ። አንቺ ግን ተጠቀሚበት። «ኬታቤ መን» ሲያደናግርሽ በሆድሽ «መጽሐፈ እኔ» በዪ።

ኤዛፌ ግዕዝ የማይደፍረውንም ትደፍራለች። ቅጽልንም ታያይዛለች። ኻኔዬ ቦዞርግ፣ ትልቅ ቤት። እንዲሁም እንደ ባቡር ትቀጥላለች፦ ደሬ ቦዞርጌ ኻኔዬ ፔደረም፣ የአባቴ ቤት ትልቁ በር። አማርኛውን ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ነው። ቅጽሉ ለፆታም ለብዛትም አይለወጥም። ችግሩ ኤዛፌ አትጻፍም። አጭር አናባቢ ስለሆነች ከጥቂት ቦታ በቀር ወረቀት ላይ አትታይም፤ አንባቢው ነው የሚጨምራት። ፊደል ሁሉ አናባቢውን ተሸክሞ በሚሄድበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ ያበሽቃል። እኔ እስካሁን ግጥም ሳነብ እሳሳታለሁ።

ጥቂት ከመንገድ ልውጣ፤ ከተደራጊውም ከስሙም ጋር ይገናኛል። በምዕራብ ኢራን፣ ከርማንሻህ አጠገብ፣ ቢሶቱን የሚባል ገደል አለ። ንጉሥ ዳርዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሥራውን በሦስት ቋንቋ አስቀርጾበታል፤ በጥንታዊ ፋርስኛ፣ በኤላምኛና በባቢሎንኛ። በፋርስኛው ውስጥ «ኢማ ተየ መና ከርተም» የሚል አለ። ቃል በቃል «ይህ የእኔ የተደረገው ነው»፣ ማለትም እኔ ያደረግሁት። ዳርዮስ እንኳ «አደረግሁ» ለማለት በተደራጊ ነው የዞረው። «ከርተም» የዛሬው ከርድ አያት ነው። «መና»፣ «የእኔ»፣ ዛሬ «መን» ሆኖ «እኔ» ማለት ሆኗል። ተደራጊው በዘመናት ውስጥ አድራጊ ሆኖ ቁጭ አለ። «ተየ» ደግሞ «የሚለው፣ የሆነው» የሚል አያያዥ ቃል ነበር፤ ኤዛፌ ከዚያ ቃል ዘር ናት። የኛን «የ» እይ እስቲ። «የአባቴ ቤት» እና «የሄደ ሰው» ላይ ያለችው አንዲቱ «የ» ናት። ዘርፍም ታያይዛለች፣ ግስም ታያይዛለች። የነሱም እዚያው ነው የጀመረችው።

የቀረው ስም ቀላል ነው። «የእኔ፣ ያንተ፣ የሱ» በቅጥያ ይመጣል፦ ኬታበም መጽሐፌ፣ ኬታበት መጽሐፍህ ወይም መጽሐፍሽ፣ ኬታበሽ መጽሐፉ ወይም መጽሐፏ። ፆታ ስለሌለ ሴትዮዋ ስልክ ላይ «ኡን ጎፍት» ሲሉ የወንድ ልጃቸውን ይሁን የሴት ልጃቸውን እያወሩ እንደሆነ ከወሬው ነው የምትለይው። «አንድ» ለማለት መጨረሻ ላይ ኢ ይጨመራል፣ ኬታቢ፤ በንግግር ግን ዬ ኬታብ ይበዛል። ሰፈር ውስጥ «ፔሰሬ» ብለው መጨረሻውን ረገጥ ካደረጉት «ልጁ» ማለት ነው፤ ያቺ «ኤ» የምትረገጥ ናት፣ ኤዛፌ ግን አትረገጥም፤ እንዳታምታቻቸው።

ብዙ ቁጥር በሃ ነው፣ ኬታብሃ። ለሰው ኣንም አለ፣ ዘን ሴት፣ ዘናን ሴቶች፤ ይህ የጽሑፍ ነው። ከዐረብኛ የመጡ ቃላት ውስጣቸው ተሰብሮ ይበዛሉ፣ ኬታብ ኮቶብ ይሆናል። እኛ «መጽሐፎች» እና «መጻሕፍት» እንዳለን ሁሉ እነሱም ኬታብሃ እና ኮቶብ አላቸው፤ አንዱ ለሁሉም፣ አንዱ ለተማረ። ቁጥር ካለ ግን ብዙ ቁጥር አያስፈልግም። ሴ ታ ኬታብ፣ ሦስት መጽሐፍ። እኛም «ሦስት ልጅ አለኝ» እንላለን።

ወደ ዓረፍተ ነገሮችሽ ልመለስ። ሁለተኛው «ዶክቶር ቤሄም ጎፍት» ነው። ሦስተኛው «ኢን ኬታቤ መን ኧስት»፤ ሲያወሩ «ኢን ኬታቤ መኔ» ይሆናል። የመጀመሪያው «ኤስቴካን ሼከስት» ነው። ግን እውነቱን ንገሪኝ፤ ከእጅሽ ነው ያመለጠው አይደል? አማርኛ ቢሆን «ተሰበረብኝ» ትዪ ነበር። ያቺን «ብኝ» ፋርስኛ የላትም። በምትኳ «ኧዝ ደስተም ኦፍታድ፣ ሼከስት» ይላሉ፣ ከእጄ ወደቀ፣ ተሰበረ። እንደዚያ ካልሽ ሴትዮዋ አይስቁም። «ፈዳዬ ሰሬት» ይሉሻል፣ ለራስሽ ቤዛ ይሁን፣ አይዞሽ። ሲሉሽ ጆሮሽን ጣል አድርጊ፤ «ዬ»ዋም፣ «ያንቺ» የምትለዋ ቅጥያም እዚያው ውስጥ ናቸው።